አጎቴ ማላኪ የጠገነው ቦይለር

እናቴ ከሰው ጋር ልትኮበልል ነው ብዬ የደመደምኩት በዘጠኝ ዓመቴ፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ማስረጃዬ ሙሉ ነበር። ሰውየውን በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፤ መኪናውን የት እንደደበቀ አውቃለሁ፤ እማዬ ምን ለብሳ እንደተቀበለችው፣ በየትኛው ሲኒ ሻይ እንደሰጠችው ሳይቀር መናገር እችል ነበር። ዳኛ ፊት ብቀርብ በግማሽ ሰዓት አስፈርድባታለሁ። የሳትኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው የመጣው የሚያፈሰውን ቦይለር ሊጠግን ነበር።

ቦይለሩ ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጓዳ ነበር የተተከለው። ውጭ፣ ከቤቱ ጎን በብሎኬት ላይ ከተቀመጠው ታንከር ላምባ በቀጭን የመዳብ ቱቦ ይመጣል፤ ቦይለሩ ውስጥ ይነዳል፤ ቤቱም ይሞቃል። ሐሳቡ ይህ ነበር። እኛ ቤት ግን ላምባው ቱቦውና ቦይለሩ ከሚገናኙበት ቦታ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከሥሩ የተቀመጠውን የቀለም ጣሳ እማዬ በቀን ሁለት ጊዜ ትደፋዋለች። ዳቦው ላምባ ይሸታል፣ ቅቤው ላምባ ይሸታል፣ የትምህርት ቤት ሹራቤ ላምባ ይሸታል። የክፍሌ ልጆች "ኩራዝ" የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። መምህራችን ደግሞ ከክፍሉ ምድጃ አጠገብ እንዳልቀመጥ ከልክላኛለች።

ቦይለሩን የተከለው የአባዬ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ማላኪ ነው። የሚጠግነውም እሱ ነው። በወጣትነቱ ሦስት ዓመት መርከብ ላይ ሠርቷል፤ በእኛ በሊትሪም ገጠር ደግሞ መርከብ ላይ የሠራ ሰው ሞተር ያውቃል፣ ሞተር ያወቀ ቦይለር ያውቃል፣ ቦይለር ያወቀ ሁሉን ያውቃል። መርከቧ ወደ እንግሊዝ አገር መንገደኛ የምታመላልስ እንደነበረች፣ ማላኪም ሦስቱንም ዓመት ሳህን ሲያጥብ እንደኖረ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ለእኔ ካፒቴን ነበር።

በየሁለት ሳምንቱ ክንዱን የሚያህል መፍቻ ትከሻው ላይ አድርጎ ይመጣል። አባዬ በታላቅ አክብሮት ባትሪ ያበራለታል።

"ይሄ መፍሰስ አይደለም፣ ኑዋላ" ይላታል እማዬን። "ላብ ነው። መዳብ ሲሞቅ ያልበዋል።"

"ላቡ ይሸታል እኮ፣ ማላኪ።"

"የማይሸት የማን ላብ ነው?"

አባዬ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ማላኪ ዳዶውን እስኪጮህ ድረስ ያጠብቀዋል፤ በነጭ ፕላስተር ይጠቀልለዋል፤ በላዩ ላይ የልብስ ሳሙና ይመርግበታል። "ሳሙና የላምባን አፍ ይዘጋል። እኛ ባሕር ላይ በሳሙና ነው የኖርነው" ይላል። እውነቱን ነው፤ ሳህን አጣቢ የሚኖረው በሳሙና ነው። ሲጨርስ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ዕቃ እጁ ላይ ይተርፋል። "ፋብሪካ ለጥንቃቄ ትርፍ ይጨምራል" ይልና አንድ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ይወረውረዋል። ጣሳዋ በሦስት ዓመት ውስጥ ሞላች።

ታዲያ ለምን ከከተማ ባለሙያ አልተጠራም? የሚለኝ ሰው የእኛን አገር አያውቅም ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ዘመድ በነፃ የሠራልህን ነገር በባዳ ማሠራት ዘመድህን በአደባባይ መስደብ ነው። የባለሙያ መኪና ስሙን በሩ ላይ ጽፎ ግቢህ ከቆመ፣ "ወንድሜ ደደብ ነው" ብለህ በጡሩምባ ብታስነፋ አንድ ነው። ሰው እስኪነድ ድረስ ዝም ይላል፤ ከነደደም በኋላ "ነፋስ ነው" ይላል።

በዚያ ዓመት ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። አንደኛው፣ የቤት ቅዳሴ ተራ ደረሰን። በየጥቂት ዓመቱ የሰፈራችን ቄስ አባ ገልቪን ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ተራው በደረሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይቀድሳሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት ቤቱ ከጣሪያ እስከ ወለል ይቀባል። ጎረቤቶች ለጸሎት ነው የሚመጡት ይባላል። የመጋረጃውን ጀርባ ሳይቀር ገልጠው ነው የሚጸልዩት። እማዬ አንድ ወር ሙሉ ስትቀባ ከረመች፤ የትኛውም ቀለም ግን ላምባ አይሸፍንም።

ሁለተኛው የእኔ ሳል ነበር። ከመስከረም ጀምሮ አልለቀኝም። ሐኪሙ ሽሮፕ ሰጠኝ፣ አባዬ "ቅዝቃዜ ነው" አለ፣ ማላኪ "የማደግ ሳል ነው" አለ። እማዬ ግን ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። ከዚያ ተነስታ ጓዳ ትገባና ቦይለሩን ቆማ ታየዋለች።

እንግዲህ ጉዱን የሰማሁት ከደረጃው ሥር ተቀምጬ ነው። ጎረቤታችን ብሪዲ ታንሲ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ስለ ወይዘሮ ዶላን ታወራለች። ወይዘሮ ዶላን በዚያ ክረምት ባሏን ጥላ ከአንድ የከብት መኖ ሻጭ ጋር ወደ እንግሊዝ ኮብልላ ነበር፤ ሰፈሩ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

"ከድርቆሽ ጎተራው ጀርባ ነው አሉ መኪናውን የሚያቆማት" አለች ብሪዲ። "ባሏ ከብት ገበያ ሲሄድ ጠብቃ።"

"ሥራ ፈት ወሬ ነው።"

"የክት ልብሷን ለብሳ! በጥሩ ሲኒ! ዓይን አውጣ!" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አንቺም እንግዲህ ማክሰኞ አድርጊው። ባልሽና ማላኪ ገበያ ናቸው። ስልኩን ከእኔ ቤት ደውዪ።"

"ፌሊም ቢያውቅብኝስ?"

"ማን ይነግረዋል? እኔ እንደሆነ አፌ መቃብር ነው።"

በዚያ ቅጽበት ሳሌ መጣብኝ። "ልጆች ባሉበት እንዲህ አይወራም" አለች ብሪዲ፣ ያሳልኩት እኔ እንደሆንኩ እያወቀች።

ማክሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ለሳሌ ተብሎ ተኛሁ። አባዬና ማላኪ ሁለት ወይፈን ጭነው ከሄዱ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዲት አረንጓዴ መኪና ወደ ግቢው ገባች። አልቆመችም። ቀጥ ብላ ከድርቆሽ ጎተራው ጀርባ ሄደች። በመስኮት ሳያት የወይዘሮ ዶላን ወሬ ትዝ አለኝ።

ሰውየው አጭር፣ ራሰ በራ፣ ጆሮው ውስጥ ጸጉር ያበቀለ ነበር። ለዚህ ሰው ነው እንዴ አባዬን የምትጥለው ብዬ ተናደድኩ። እማዬ ሰማያዊ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ በር ላይ ተቀበለችው። ለሐኪም፣ ለቄስና ከከተማ ለሚመጣ ባለሙያ የክት ልብስ መልበስ የእኛ ሴቶች ደንብ እንደሆነ ያኔ አላውቅም። እማዬ ዛሬም በሰማንያ ሦስት ዓመቷ ቧንቧ ሠሪ ሲመጣ ሊፒስቲክ ትፈልጋለች።

በባዶ እግሬ ደረጃውን ወርጄ በቁልፍ ቀዳዳ ተመለከትኩ። የማየው ጓዳዋን በግማሽ ነው። እማዬ ቆማለች። ሰውየው ከፊቷ ተንበርክኳል። ወንድ ሴት ፊት ሲንበረከክ ምን እንደሚል በዘጠኝ ዓመቴ አሳምሬ አውቅ ነበር። በእርግጥ የተንበረከከው ለቦይለሩ ነው፤ ቦይለሩን ግን የቁልፉ ቀዳዳ አያሳየኝም። ማሳል ስጀምር አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ተመልሼ ሮጥኩ።

ያኔ ምን እንደተባባሉ የነገረችኝ እማዬ ናት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እየሳቀች። ሰውየው መጀመሪያ ፕላስተሩን ላጠ፤ ከዚያ ሳሙናውን በጥፍሩ ፋቀ።

"ይሄን እጅ አውቀዋለሁ" አለ።

"የማንን እጅ?"

"ስሙን አላውቀውም፣ እመቤቴ። የዚህን ሰፈር ሳሙና ሁሉ የሚጨርሰውን ሰውዬ።" ቱቦውን አሳያት፤ ማላኪ ባጠበቀው ቁጥር መዳቡ ተሰንጥቆ ነበር። ከዚያ የቦይለሩን በር ከፍቶ ዳር ዳሩን በጣቱ ዳሰሰ። "የበሩ ማሸጊያ ገመድ የት ሄደ?"

እማዬ የብስኩቷን ጣሳ አመጣችለት። ገመዱ ከሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሰውየው ጣሳውን እያየ "ቤት ውስጥ የሚያስለው ማነው?" ብሎ ጠየቃት። እስከዚያ ድረስ ስለ ሳል አንድም ቃል አልተናገረችም ነበር። ጭሱ በዚያ በር ወጥቶ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ እኔ ክፍል ይገባል። እማዬ ይህን ስትሰማ ተቀመጠች፤ ወንበር ስላልነበረ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ላምባ ላይ ተቀመጠች፤ በሰማያዊ ቀሚሷ።

እኔ የሰማሁት መጨረሻውን ነው። ተመልሼ ደረጃው ላይ ስደርስ ወጥ ቤት ሻይ ይጠጣሉ፤ ለአባ ገልቪን በተቀመጠው ሲኒ። ለሐሙሱ የቤት ቅዳሴ የተጋገረው ኬክ ተቆርጧል! ቄስ ሳይቀምሰው!

"አፈር ስሆን፣ አንዲት ቁራጭ ብቻ" ትላለች እማዬ።

"በቃኝ፣ እመቤቴ።"

"ባለቤቴ ግን እንዳይሰማ፣ አደራ።"

"እኔ በሳምንት ሦስት እንዲህ ያለ ቤት እገባለሁ። አንድም ባል ሰምቶ አያውቅም" አለ ሰውየው፣ አፉ ኬክ እንደሞላ።

ሦስት! አልጋዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እናቴን ማጣቴ ሳያንስ አታላይ ላይ መውደቋ። ከታች እማዬ ስታዜም ይሰማኛል። ከፋሲካ ወዲህ አዚማ አታውቅም። ወይዘሮ ዶላን ከመጥፋቷ በፊት ታዜም እንደነበር ብሪዲ ተናግራለች፤ ስለዚህ ያም ተመዘገበ።

ያላየሁት ደግሞ ይህ ነው። ሰውየው ከመሄዱ በፊት አዲሱን ቱቦ እንደ ማላኪ በነጭ ፕላስተር ጠቀለለው፤ ከሻንጣው የልብስ ሳሙና አውጥቶ በላዩ መረገበት፤ የቀለም ጣሳውንም ቦታው መለሰ። ሳሙናውን ሁልጊዜ ይዞ ነው የሚዞረው። "የማላኪ ፊርማ" ሳይኖርበት ከዚህ ሰፈር የሚወጣ ሥራ አልነበረውም።

ረቡዕ ማላኪ መፍቻውን ይዞ መጣ። ጣሳው ደረቅ ነው። ወደ ውስጡ አጎነበሰ፣ አሸተተ፣ ቀና አለ።

"አላልኩም? አላልኩም፣ ፌሊም? ያዘ! ሳሙናው ያዘ!"

"ወንድሜን!" አለ አባዬ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር ብል አልዋሽም።

"እጅህ ይባረክ፣ ማላኪ" አለች እማዬ፣ ድንች እየላጠች።

ያን ዕለት አንድም ጊዜ አላሳልኩም። ከሐዘኔ ብዛት ነው ብዬ አመንኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሠላሳ ሰው ቤታችን ገባ። ከቅዳሴው በፊት ኑዛዜ አለ፤ አባ ገልቪን ሳሎን ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ሰው አንድ በአንድ እየገባ በሩን ዘግቶ ይናዘዛል፣ ሌላው ወጥ ቤት ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። አባ ገልቪን ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ጆሯቸው ከእሳቸው ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ እሳቸው ጋ ትንንሽ ኃጢአት ብቻ የሚናዘዘው። ትልቅ ትልቁን ይዞ ሌላ ደብር ይሄዳል። ይህን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

ተንበረከክሁ። ስለ እናቴ ነው አልኳቸው። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው "ምን አልሽ፣ ልጄ?" አሉኝ። ደገምኩ። "ጮክ በይ፣ ልጄ፤ እግዚአብሔር አይቆጣም።" እንግዲህ እሳቸው ካሉ ብዬ ባለኝ ሳንባ ሁሉ፣ ከሁለት ቀን ወዲህ በጸዳው ሳንባዬ፣ ጮህኩ።

"እማዬ ከሰውዬ ጋር ልትኮበልል ነው! ማክሰኞ መጥቶ ነበር! መኪናውን ከጎተራው ጀርባ ደበቀው! ኬኩን በላ!"

አባ ገልቪን ሦስት ጊዜ ሰላም ለኪ ድገሚ አሉኝ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ሠላሳ ሰው እኔን ያያል፤ ከዚያ እማዬን ያያል። አባዬ ሻማ ሊለኩስ ክብሪት ይዞ ነበር፤ ክብሪቱ ጣቱን እስኪያቃጥለው ድረስ አልጣለውም። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል።

"ማነው?" አለ።

እማዬ ልትዋሽ ትችል ነበር። ልጅቷ አትኩሷታል ብትል ይበቃ ነበር። ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ማላኪን አየች። ማላኪ የጓዳው በር ላይ ቆሞ ጠዋቱን ሙሉ ስለ ሳሙናው ለገባ ለወጣው ሲያስረዳ ነበር።

"የቦይለር ሠራተኛ ነው፣ ፌሊም። ከስላይጎ ከተማ። ቱቦውን ቀየረው፣ በሩን አሸገው። ልጄ እየታፈነች ነበር።"

ነጭ የነበረው የአባዬ ፊት ያኔ ቀላ። ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ግንባሩ። "ማላኪ እያለ?" አላት። ሚስቱ ሌላ ወንድ ይዛለች ሲባል ያልተናነቀው ሰውዬ አሁን ድምፁ ተናነቀው። "የገዛ ወንድሜ እያለ፣ ኑዋላ?"

ማላኪ ዘወር ብሎ ፕላስተሩን ከቱቦው ላይ ላጠው። አዲሱ መዳብ ብልጭ አለ። ኮፍያውን አነሳ፣ አደረገ፣ በሰው መሐል አልፎ ወጣ።

"የት ነው ማላኪ?" አሉ አባ ገልቪን ከሳሎን ብቅ ብለው። "አሁን እኮ ልንጀምር ነው።"

ሴቶቹ ሁሉ ወለል ወለሉን ያያሉ። የዋህ ነበርኩና የእማዬ ወለል ማማሩን እያዩ ነው ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ግን አውቃለሁ፤ ከዚያ ከቆሙት ሴቶች ስምንቱ የስላይጎውን ሰውዬ ጎተራ ጀርባ አስቁመው ያውቃሉ። አንዷም ቃል አልተነፈሰችም። የተነፈሰችው ብሪዲ ታንሲ ብቻ ናት፤ ስልኳን ያበደረችው፣ አፌ መቃብር ነው ያለችው ብሪዲ።

"ጉድ ነው! ባዳ ሰው! የወንድም እጅ እያለ!" አለች፣ እያማተበች።

እኔ ግን አላመንኩም። አንዲት ሴት ለአንድ ቱቦ ብላ ይህን ሁሉ ትደብቃለች? ሰው ለፍቅር እንጂ ለቱቦ ይደበቃል? እማዬ ዋሽታ መውጫ አገኘች ብዬ ደመደምኩ፤ ብልጠቷንም በልቤ አደነቅሁ።

ቅዳሜ አባዬ ዕርቅ ፈለገ። ማላኪ ቤት ሄዶ ለምኖ፣ መጥቶ "ሥራውን እንዲያየው" አመጣው። ማላኪም አየው። አዲሱን ቱቦ ፈትቶ "ይሄ የከተማ መዳብ ነው፤ ለእኛ አየር አይሆንም" አለና አሮጌውን መለሰ፤ የበሩን ማሸጊያ ገመድም አወጣ። አባዬ ባትሪውን ያዘለት። እማዬ ወጥ ቤት ቆማ ታያቸው ነበር። እሑድ ላምባው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሰኞ ጠዋት እያሳልኩ ነቃሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ማላኪ ሲሞት ቤቱን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። የእሱ ቤት ቦይለር ድምፁ እንኳ አይሰማም። ጀርባው ላይ አንድ ካርድ ተንጠልጥሎ አገኘሁ፤ የስላይጎው ሰውዬ ስምና ፊርማ፣ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አንድ ጊዜ። የመጀመሪያው ፊርማ ከእኛ ቤት ቅዳሴ ሁለት ዓመት ይቀድማል። ሰውየው ለእማዬ ስሙን አላውቀውም ማለቱ ለካ የማላኪንም ምስጢር ጠብቆ ነው። ካርዱን ይዤ ጓዳው ውስጥ ቁጭ አልኩ። መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ የወጣኝ ግን ስድብ ነው።

እያሳልኩ በነቃሁበት በዚያ ሰኞ እማዬ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ አልለጠፈችም፤ ከሩቅ ትሰማኝ ነበር። አንድ ሻንጣ አወጣች። የእኔን ሹራብ፣ የእሷን ጫማ፣ የጸሎት መጽሐፏን ከተተች። አባዬ ከብቶቹ ዘንድ ነበር። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ስንቆም ግራ ቀኙን አየሁ፤ አረንጓዴ መኪና የለም። የምንሄድበት ጎልዌይ ከተማ ይጠብቀናል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ጎልዌይ የጠበቀችን አክስቴ ኢታ ብቻ ናት። በሁለተኛው ቀን ሰውየው ቀረ ብዬ ስለ እማዬ ተቆጣሁ። በሦስተኛው ቀን ለእሱ የምናገረውን ስድብ ተለማመድኩ። ማታ ማታ እማዬ ከእኔ ጋር ትተኛለች፤ እኔ ስለማላስል እሷ አትነቃም ነበር።

በዘጠነኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ስድቤን አዘጋጅቼ ከፈትኩ። አባዬ ነው። የክት ኮቱን ለብሷል፤ ኮፍያውን በእጁ ይጠመዝዛል። እናቴ ከማንም ጋር እንዳልኮበለለች ያኔ ገባኝ፤ የኮበለለችው እኔን ይዛ ነው። ማልቀስ ጀመርኩ። አክስቴ ኢታ ግባ አላለችውም፤ ዘወርም አላለችም፤ እጇን አጣምራ ልትሰማ ቆመች።

"ኑዋላ" አለ አባዬ። "ሰውየውን ጠራሁት። ትናንት ሠራው።"

"ብሪዲ ደወለችልህ?"

"እኔ ነኝ የደወልኩት። ከፖስታ ቤት።"

"መቼ?"

"ዓርብ።"

እማዬ ቀና አለች። ዓርብ የጡረታ ቀን ነው። ፖስታ ቤቱ እስከ መንገዱ ድረስ በሰልፈኛ ይሞላል፤ ስልኩ ደግሞ ከመስኮቱ አጠገብ ግድግዳ ላይ ነው፤ ግማሹ ሰው የሚሰለፈው የሌላውን ስልክ ለመስማት ነው።

"ምን አልከው?"

"ቦይለሬ ያፈሳል አልኩት። ማን ነካው አለኝ።"

"እሺ?"

"ወንድሜ ነው አልኩት።" አባዬ ኮፍያውን አየ። "መስመሩ አይሰማም ነበር። ምን አልክ አለኝ። ወንድሜ ነው ያበላሸው አልኩት። አሁንም አልሰማኝም። ወንድሜ ማላኪ ነው ያበላሸው፣ ልጄን ሊገድላት ነበር ብዬ ጮህኩ።"

"ፖስታ ቤቱ ውስጥ?"

"ፖስታ ቤቱ ውስጥ። ማላኪ ቴምብር ሊገዛ ሰልፉ ላይ ነበር።"

አክስቴ ኢታ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"አላየኸውም ነበር?" አለች እማዬ።

"ሁለቱን ጊዜ አላየሁትም" አለ አባዬ። "ሦስተኛውን ግን እያየሁት ነው ያልኩት።"

እማዬ ወደ እኔ ዞረች።

"ዴርቭላ፣ ኮትሽን ልበሺ" አለችኝ።